ያልተቀመጡት እንግዶች

ሳጂድ ለዋሲላ የሚልክላት የድምፅ መልእክት ሁሉ የወፍ ነበር።

ሌላው ወንድ በስልክ «ናፍቀሽኛል» ይላል። ውሸቱንም ቢሆን ይላል። ሳጂድ ግን ጫካ ገብቶ፣ ኔትወርክ የሚይዝበት ጉብታ ፈልጎ፣ ስልኩን ወደ ሰማይ ቀስሮ የጅግራ ጩኸት ይቀዳና ይልክላታል። አንዳንድ ቀን የጓንግን ወንዝ ሹሹታ ይልካል። አንዳንድ ቀን ሣር ላይ የሚሄድ ነፋስ ብቻ። ዋሲላ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ «አሁን ይናገራል፣ አሁን ይናገራል» እያለች ትጠብቃለች። መጨረሻ ላይ ጉሮሮውን ጠረግ ያደርግና «ሰማሽው አይደል?» ይላል። በቃ፣ እዚያ ላይ ያልቃል።

«ሰማሁት» ብላ ትመልስለታለች፣ ቆሽቷ እያረረ።

ዋሲላ የሐጂ አብዱረሕማን ልጅ ናት። መተማ ዮሐንስ ገብቶ የሐጂ አብዱረሕማንን ሱቅ ያላየ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ነው የገባው። የሱዳን ሴቶች የሚከናነቡት ቶቡ፣ ሽቶው፣ ብርድ ልብሱ፣ ከድንበሩ ማዶ ከገላባት የሚመጣው ዕቃ ሁሉ እዚያ ነው። ከሱቁ ጀርባ መጋዘን፣ ከመጋዘኑ ጀርባ መኖሪያ ቤት። የዋሲላ ልጅነትም ወጣትነትም ያንን ባንኮኒ ተደግፎ አለፈ።

ሳጂድ አስጎብኚ ነው። አገር ሊያይ የመጣ ሰው ሲገኝ ንጉሡ የወደቁበትን ስፍራ ያሳያል። ሱዳኖቹ ተበልዲ የሚሉትን፣ ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ የማይከበውን የባምባ ዛፍ ያሳያል። መንገዱ ሲፈቅድ አልጣሽ ፓርክ ድረስ ይዘልቃል። ይህ ወፍ ከየት አገር እንደመጣ፣ ያ ቅጠል ለምን ሕመም እንደሚሆን፣ ጉሙዞቹ ከዛፍ አናት ማር እንዴት እንደሚያወርዱ ሲናገር ሰው አፉን ከፍቶ ይሰማዋል። ችግሩ ሰሚ የለም። አንድ ዓመት «መንገዱ ሰላም አይደለም» ይባላል፣ አንድ ዓመት ድንበሩ ይዘጋል። ሰላም ነው ሲባል ደግሞ ክረምቱ ይገባና ዋልካው መኪናውን ከነጎማው ይውጠዋል።

«እንግዳ የሌለው አስጎብኚ ከብት የሌለው እረኛ ነው» ይላሉ ሐጂ። «ዱላውን ይዞ ይዞራል።»

ይህን ሲሉ ዋሲላ ጨርቅ ማጠፍ ትጀምራለች። የታጠፈውን ፈትታ እንደገና ታጥፋለች።

የተዋወቁት እዚያው ባንኮኒ ላይ ነው። አንድ ጊዜ ቶብ ሊገዙ የፈለጉ እንግዶች ይዞ መጣ። እነሱ ቀለም ሲያማርጡ እሱ ከኪሱ የባምባ ፍሬ አውጥቶ ፊቷ አስቀመጠ። ቅርፊቱ እንደ ጥጃ ቆዳ ልስልስ ያለ፣ ውስጡ ነጭ፣ ጎምዛዛ። «በውኃ በጥብጠሽ ጠጪው፣ ለሙቀቱ ነው» አላት። ስትቀበለው ዓይኑ ዓይኗ ላይ ቆየ፤ ከሚገባው በላይ ቆየ። ከዚያ ወዲህ ጫካ ሄዶ ባዶ እጁን ተመልሶ አያውቅም። ቅርፊቶቹ ከሽቶው መደርደሪያ በላይ ተደርድረዋል። እናቷ ረፊቃ «ይሄን ቆሻሻ ጣይ» እያለች፣ እሷ «ለጌጥ ነው» እያለች ስንት ክረምት ወጣ።

«ሽማግሌ ላክ» ትለዋለች።

«ዝናቡ ያባራ።»

ዝናቡ ሲያባራ፣ «መንገዱ ይከፈት።»

መንገዱ ሲከፈት፣ «እንግዳ ይምጣና ስሜ ይነሣ። እንዲህ ሆኜ አባትሽ ፊት እንዴት ሰው ልላክ?»

«አባቴ ዘንድ የሚላከው ሽማግሌ ነው እንጂ እንግዳ ነው እንዴ?»

ይህን ጊዜ ሳጂድ አፉን ይከፍታል። የሆነ ነገር ሊወጣ ይመጣል፣ ከንፈሩ ጫፍ ይደርሳል። ከዚያ ይዘጋዋል። ስለ ዛፉ ሁሉ አፍ ያለው ሰው ለእሷ ሲሆን ይለጎማል። ዋሲላ ፈሪ ነው ብላ ደመደመች። ፈሪ መውደድ ደግሞ እንደ ጥርስ ሕመም ነው፤ ነቅለሽ አትጥይው፣ ይዘሽው አትተኚ።

እንዲህ እያለ የዑበይዳ ነገር መጣ። ዑበይዳ የአብደራፊ ሰው ነው። የሰሊጥ መጋዘን አለው፣ ትራክተር አለው፣ ከሐጂ ጋር በንግድ ነገር በስልክ ይተዋወቃሉ። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ሽማግሌዎቹ እንደሚመጡ ተነገረ። ሐጂ ሽማግሌዎቹን በመልክ አያውቋቸውም፤ ማወቅም አላስፈለጋቸውም። «ለእሱ ያልሰጠሁ ለማን ልሰጥ ነው?» አሉ ለሚስታቸው። በዚያ ቤት ዋሲላ ሐሳቧን የተጠየቀችው የትኛው ምንጣፍ ይነጠፍ በሚለው ላይ ብቻ ነው።

ሐሙስ ዕለት ሳጂድ ሱቁ በር ላይ ብቅ አለ። ፊቱ በርቷል።

«እንግዳ መጣልኝ» አላት። «ከደብረ ማርቆስ። ጡረታ የወጡ መምህራን ናቸው። ጋሼ ምንይችል የሚባሉት ባለቤታቸውንም ይዘዋል። ‹ባምባን ሳናይ አንሞትም› ብለው ነው የመጡት።»

«ደስ ይላል» አለች ዋሲላ።

«ነገ ንጉሡ የወደቁበትን አሳያቸዋለሁ። ቅዳሜ ጓንግ ዳር፣ ባምባው ጋ...»

«ቅዳሜ የዑበይዳ ሽማግሌዎች ይመጣሉ።»

ውጭ አንድ ባጃጅ ጭነት መኪና ቆሞበት ክላክሱን ይነፋል።

«የአብደራፊው?»

«የአብደራፊው። ባለ ትራክተሩ። አባቴ ሊሰጠኝ ነው፣ ሳጂድ።»

«እኔ ቅዳሜ ጫካ ነኝ።»

እንዲህ ነው ያላት። ዋሲላ ጆሮዋን ማመን አቃታት።

«ጫካ ነህ።»

«ሰዎቹ ከማርቆስ ድረስ መጥተው እንዴት ልተዋቸው?»

«እኔንስ ከየት እስክመጣ ነው የምትጠብቀው? ከዚህ እስከ ቤትህ ያለችውን መንገድ ዶሮ ትሻገራታለች። ነው ወይስ እንደ ባምባው ሥር ሰድጄ የምቆይህ መሰለህ?»

«ዋሲላ፣ ሽማግሌ እኮ...»

«እህ? ሽማግሌ ምን?»

አፉ ተከፈተ። ዓይኑ ቀላ። እጁ ባንኮኒው ላይ ወደ እጇ ተንፏቀቀና ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። ከዚያ አፉ ተዘጋ።

«ሂድ» አለችው። «ሂድና ዛፍህን አሳይ። ቅዳሜ የወፍ ድምፅ ብትልክልኝ ስልኩን ጓንግ ነው የምጥለው።»

ሄደ። ዋሲላ ከመደርደሪያው ላይ አንዱን የባምባ ቅርፊት አንሥታ ልትወረውረው እጇን ሰነዘረች። ከዚያ መልሳ አስቀመጠችው፤ እንዲያውም በቀሚሷ ጠርዝ አቧራውን ጠረገችለት። ይህን በማድረጓ ከሳጂድ ይልቅ ራሷን ጠላች።

* * *

ቅዳሜ ሱቁ ተዘጋ፣ የግቢው በር ወለል ብሎ ተከፈተ። ሳሎኑ ውስጥ የሱዳን ምንጣፍ ተነጠፈ። ነጭ ጨርቅ የለበሱ ፍራሾች በግድግዳው ዙሪያ ተደረደሩ፣ ቴምር በሳህን ቀረበ። ሐጂ ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው ባለ ክንዱ ወንበራቸው ላይ ተሰየሙ። ዋሲላ ከእናቷ ጋር ከመጋረጃው ኋላ ቁጭ ብላለች። ቀኑን ሙሉ ስልኳን ስትከፍት ስትዘጋ ዋለች። ጅግራ እንኳ አልጮኸላትም።

«ፊትሽን ፍቺው» አለቻት ረፊቃ። «ለቀብር ነው እንዴ የተቀመጥሽው?»

«የማን ቀብር እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ፣ እማ።»

ከደጅ የእግር ድምፅ መጣ።

ዋሲላ በመጋረጃው ስንጥቅ አየች። ሦስት ሽማግሌዎች በተርታ ገቡ። ጋቢ ደርበዋል፣ ዱላ ይዘዋል። ከኋላቸው ሻሽ ያሰሩ በዕድሜ የገፉ ሴት ይከተላሉ። ሁሉም እስከ ጉልበታቸው ጥቁር ጭቃ ናቸው፤ ረጅሙ ሰውዬማ እስከ ወገባቸው።

«አህለን፣ እንኳን ደህና መጣችሁ» አሉ ሐጂ። «ይህን ሁሉ ዋልካ ጥሳችሁ። ተቀመጡ።»

ረጅሙ ሽማግሌ ነጩን ፍራሽ አዩ፣ ከዚያ ጋቢያቸውን አዩ።

«ቆመን ይሻላል» አሉ።

ሐጂ ፈገግ አሉ። ይህን የቆላም የደጋም ሰው ያውቀዋል። ልጅ ሊጠይቅ የመጣ ሽማግሌ «ተቀመጡ» ሲባል እሺ አይልም። ጉዳዩን ሳይናገር፣ ፊት ሳያገኝ አይቀመጥም። ሐጂ ደግሞ ደንብ የሚያውቅ ሰው ይወዳሉ።

«ተቀመጡ እንጂ» አሉ፣ ለወጉ ያህል።

«አንቀመጥም፣ ሐጂ። እንዴት አድርገን እንቀመጣለን?»

«እንግዲያውስ ጉዳያችሁን ተናገሩ። ጆሯችን የእናንተ ነው።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ።

ዋሲላ በሩን ያየችው በዚህ መሃል ነው። ከጭቃው ብዛት መልኩ የጠፋ፣ ጫማውን በእጁ የያዘ ሰው በሩ ላይ ቆሟል። ሳጂድ ነው። ልቧ ዘለለ። ከዚያ ነገሩ ገባትና ልቧ ወደ ታች ወደቀ። እነዚህ የዑበይዳ ሽማግሌዎች አይደሉም። ባምባ ሊያዩ የመጡት የማርቆስ ሰዎች ናቸው። ያልተቀመጡትም ነጩን ፍራሽ ላለማበላሸት ነው።

ሴትዮዋም ገባቸው። ዓይናቸው ከቴምሩ ወደ ምንጣፉ፣ ከምንጣፉ ወደሚንቀሳቀሰው መጋረጃ ሄደ። ረጅሙን ሰውዬ በክርናቸው ጎሰም አደረጓቸው። «ምንይችል፣ ሽማግሌ መስለናቸው ነው» አሉ በሹክሹክታ። የሐጂ አንድ ጆሮ ከብዷል፣ አልሰሙም። እናትና ልጅ ግን ከመጋረጃው ኋላ ጥርት አድርገው ሰሙት።

ጋሼ ምንይችል ዘወር ብለው ሳጂድን አዩት። ሳጂድ መጋረጃውን እያየ ነበር። ሰው አንድን ነገር እንዲህ ሲያይ መጠየቅ አያስፈልግም፤ ስንቱን ተማሪ ያሳደጉ መምህር ደግሞ ይህ አይጠፋቸውም። ቅንድባቸውን ከፍ አደረጉለት። ልናገር ወይ? ማለታቸው ነው።

እሺ በላቸው፣ አለች ዋሲላ በሆዷ። ራስህን ነቅንቅና ዝም በል። የዕድሜ ልክ ዝምታህን አንድ ቀን እንኳ ለጥቅም አውለው።

የሳጂድ አፍ የተከፈተው ግን ያን ቀን ነው።

«ሐጂ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «እነዚህ ከአብደራፊ የመጡ አይደሉም። አገር ሊያዩ የመጡ የእኔ እንግዶች ናቸው። ያልተቀመጡት ስለ ጭቃው ነው። እትዬ የትናየት ልብሳቸው ረጥቦ ደረቅ ቶብ ልግዛ አሉ። ሱቁ ዝግ ሆነ፣ ግቢው ክፍት ነበር።»

ዋሲላ ጣቷን ነከሰች። አላህ እጁ ላይ ያስቀመጠለትን ዕድል አንሥቶ መሬት ላይ ፈጠፈጠው። ረፊቃ ሳትቀር «ምን ዓይነት ፍጡር ነው ይሄ?» ብላ አጉተመተመች።

የሐጂ ፊት ጠቆረ። ግን እንግዳ እንግዳ ነው። «እንግዶቹ ውኃ ይጠጡ፣ ይረፉ። ቶብም ይሰጣቸዋል» አሉ። «አንተ ግን ሌላ ሱቅ ልትወስዳቸው ትችል ነበር።»

«እችል ነበር» አለ ሳጂድ። «ዛሬ ማን እንደሚመጣ አውቄ ነው እግሬ ወደዚህ ያመጣኝ። መጥቼ ምን እንደማደርግ ግን አላወቅሁም ነበር።» ጫማውን መሬት አስቀመጠ። «እኔ የሷሊህ ልጅ ነኝ፣ ሐጂ። ጀርባው እዚህ መጋዘን ውስጥ የቀረው የሷሊህ።»

ሷሊህ የሐጂን ጆንያ ከመኪና ወደ መጋዘን፣ ከመጋዘን ወደ መኪና ሲሸከም ኖሮ አንድ ቀን ጎንበስ እንዳለ ጀርባው ሳይቃና የቀረ ሰው ነው። በዚያ ቤት ስሙ ከተጠራ ቆይቷል።

«ልጅዎን እፈልጋለሁ» አለ ሳጂድ። «ሽማግሌ ሁኑልኝ ብዬ ያልለመንኩት ሰው የለም። ክረምቱ በወጣ ቁጥር ደጅ ለደጅ ዞሬያለሁ። አንዱ ‹ሐጂ ፊት ለተሸካሚ ልጅ አልቆምም› አለኝ። አንዱ ‹ጎረቤቴ ናቸው፣ አታጣላኝ› አለኝ። አንዱ ሻይ አጠጥቶ፣ ስለ ወፍ አስወርቶ ሸኘኝ። ለእሷ ይህን መንገር አፈርኩ። ‹ዝናቡ ያባራ፣ መንገዱ ይከፈት› እያልኩ አታለልኳት።»

ዋሲላ መጋረጃውን ጨምድዳ ያዘች። እንባ ይመጣል ብላ ስትጠብቅ የመጣው ንዴት ነው። ከበፊቱ የባሰ ንዴት። ይህን ሁሉ ደጅ ብቻውን ሲዞር፣ ይህን ሁሉ እንቢታ ብቻውን ሲውጥ፣ ለእሷ ጅግራ ይቀዳላት ነበር። ጉሮሮውን የሚጠርገው ለካ ይሄ ሁሉ እዚያ ተሰንቅሮበት ነው። እሷ ደግሞ እዚህ ቁጭ ብላ ፈሪ ትለዋለች።

«የሚቆምልኝ ሰው ስላጣሁ ራሴ ቆሜያለሁ» አለ ሳጂድ።

«ሰው ለራሱ ሽማግሌ አይሆንም» አሉ ሐጂ። «ደንብ አይደለም።»

«እውነትዎን ነው፣ ደንብ አይደለም» አሉ ጋሼ ምንይችል። ወደ በሩ መራመድ ጀምረው የነበሩት ሰውዬ ተመልሰው ዱላቸውን ምንጣፉ ጠርዝ ላይ ተከሉ። «ሐጂ፣ እኔ የዚህን ልጅ አባት አላውቅም። እሱንም ያየሁት ከትናንት ወዲያ ነው። ዛሬ ጠዋት መኪናችን ጓንግ ዳር ተቀረቀረ። ባለቤቴ ጉልበት የላትም። ይህ ልጅ በጀርባው አዝሎ ዋልካውን አሻገራት። ያን ጉደኛ ዛፍ አይታ፣ ዳስሳ፣ ስማ ስትጨርስ ደግሞ አዝሎ መለሳት። ደከመኝ አላለም። መንገዱን ሙሉ ስለ ወፍ ሲያወራላት ነበር።»

«ወፉንስ ጨርሰነዋል» አሉ እትዬ የትናየት።

«ተሸካሚነት ነውር ከሆነ፣ እኔ ዛሬ ሚስቴን ይዤ የተመለስኩት በዚያ ነውር ነው። እና አሁን የቆምኩት ስለ ጭቃው አይደለም። ልጅዎን ለዚህ ልጅ ይስጡልን ብዬ ነው።»

ሁለቱ ባልደረቦቻቸውም አንዲት ቃል ሳይናገሩ ዱላቸውን ተከሉ።

ሐጂ የተተከሉትን ዱላዎች አዩ። ከዚያ ወደ ሴትዮዋ ዞሩ። የእትዬ የትናየት ጉልበት ይንቀጠቀጥ ነበር።

«እርስዎ እንኳ ይቀመጡ፣ እናቴ። ፍራሹ ይታጠባል።»

«ጉልበቴማ ቁጭ በይ እያለ ይለምነኛል» አሉ። «የዛሬን አልሰማውም።»

ዋሲላ ተነሣች። ረፊቃ የቀሚሷን ጫፍ ያዘች።

«የት ልትሄጂ ነው? ሽማግሌ ፊት? ነውር ነው።»

«ልቀቂኝ፣ እማ።»

ረፊቃ ልጇን ቀና ብላ አየቻት። ብትይዘውም ጨርቁ እንደሚቀደድ ገባት መሰል፣ ለቀቀችው።

ዋሲላ መጋረጃውን ገልጣ ወጣች። ሳጂድን አላየችውም፤ ካየችው ወይ ትጮህበታለች ወይ ታለቅሳለች። በቀጥታ ሄዳ የእትዬ የትናየትን ክንድ ደግፋ ያዘች። ጭቃው አዲሱ ቀሚሷ ላይ ታተመ። ከአባቷ ጎን ሳይሆን ከሽማግሌዎቹ ተርታ ቆመች።

«ዋሲላ፣ ግቢ» አሉ ሐጂ።

«እንግዳ ቆሞ ልቀመጥ፣ አባ? እርስዎ አይደሉም እንዴ ያስተማሩኝ?»

«ዑበይዳን እንቢ ማለትሽ ነው?»

«እንቢ የምለው ማን ጠይቆኝ? እኔ የተጠየቅሁት ምንጣፉን ነው። ምንጣፉን መርጫለሁ። የሚቀመጥበትንም ልምረጥ።»

ይህን ጊዜ ከደጅ የመኪና ክላክስ ተሰማ። በር ተከፈተ፣ በር ተዘጋ፤ ወንዶች ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። የዑበይዳ ሽማግሌዎች ደርሰዋል።

ሐጂ ወደ ደጅ አዩ። ከዚያ ክፍሉን አዩ። ሁሉም ሰው ቆሟል። ረፊቃም ሳትታይ ወጥታ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። የተቀመጡት እሳቸው ብቻ ናቸው፤ በራሳቸው ቤት፣ በራሳቸው ወንበር፣ ብቻቸውን። ዓይናቸው ተንከራትቶ ሳጂድ ትከሻ ላይ አረፈ። ቀኑን ሙሉ ሰው ያዘለው ትከሻ በአንድ በኩል ዘመም ብሏል፣ ልክ እንደ አባቱ። ሐጂ እዚያ ላይ ምን እንዳዩ ለማንም አልተናገሩም።

የወንበሩን ክንድ ይዘው ተነሡ።

«ረፊቃ» አሉ፣ «ውጪና ደጅ ያሉትን ይቅርታ ጠይቂልኝ። ቤቱ ሞልቷል በያቸው።»

ረፊቃ ወደ ደጅ ወጣች። ከዚያ እትዬ የትናየት «እኔም አልሐምዱሊላህ ብል ያስቆጣል?» ብለው ከነጭቃቸው ነጩ ፍራሽ ላይ ዘፍ አሉ። ሽማግሌዎቹም ተከትለው ተቀመጡ። ፍራሹ ጠቆረ።

ዋሲላና ሳጂድ ብቻ ቆመው ቀሩ። አሁን አየችው። ንዴቷ አልበረደም። ለእያንዳንዱ ደጅ፣ ለእያንዳንዱ ጅግራ የምትለው አላት፤ ዕድሜ ይስጣት እንጂ ትለዋለች። እሱ አፉን ከፈተ። እንደ ልማዱ ምንም አልወጣም።

ጠጋ አለችና ሌላ ሰው በማይሰማው ድምፅ፣ «ሰማኸው አይደል?» አለችው።

ሳጂድ ጉሮሮውን ጠረገ። የመጣው እንባ ነው፤ ፊቱ ላይ የደረቀውን ጭቃ እየሰነጠቀ ወረደ። ዋሲላ እስኪናገር ቆማ ጠበቀችው። መጠበቁን እንደሆነ ታውቅበታለች።